ጋቢ ለብሰው የመጡት ጎረቤቶቼ

እሁድ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ የባለቤቴ ስልክ መጥራት አቆመ። እስከዚያ ድረስ ይጠራል፣ ግን አይነሳም ነበር። ከዚያ በኋላ የምትመልሰው ያቺ የማትሰለች ሴት ብቻ ሆነች፤ የደወሉላቸው ደንበኛ ጥሪ አይቀበሉም ትላለች።

ነገሩ ከሆነ ወራት አልፈዋል። ይህን የምጽፈውም ወደ ትምህርቴ ተመልሼ፣ ከሰው አገር፣ ከአንዲት ጠባብ የተማሪ ክፍል ነው። ግን ማለዳ ኮሪደሩ ላይ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ያ ሰኞ ይመጣብኛል። አንዳንዴ ያስቀኛል። አንዳንዴ ደግሞ ትራሴን አቅፌ እስኪያልፍልኝ እጠብቃለሁ።

ነገሩ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ።

ባለቤቴ ናቢል የመናዊ ነው። አገሩ ጦርነት ሲገባ አዲስ አበባ መጥቶ፣ መርካቶ፣ መሳለሚያ ጋ የልብስ ስፌት መኪና እየጠገነ ይኖራል። የተዋወቅነው አክስቴ ቤት ነው። የአክስቴን የስፌት መኪና ሊሠራ መጣ፤ ሠርቶ ከጨረሰ በኋላም «ድምጿን ልስማ» እያለ ተመላለሰ። አክስቴ ነገሩ የገባት ከእኔ ቀድማ ነው። ኒካሃችን የታሰረው እዚያው ሳሎኗ ውስጥ ነበር። ዛሬ አክስቴ በሕይወት የለችም። አባቴ ኮምቦልቻ አለ፤ አገር የሌለው ሰው ማግባቴን ግን እስካሁን አልዋጠውም፤ ስደውልለት ስለ ጤናዬ ብቻ ይጠይቀኛል።

ናቢል በየጊዜው በሚታደስ ጊዜያዊ ፈቃድ ነው የሚኖረው። ኢትዮጵያዊት ስላገባ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሰጠው አመለከትን። በመሐል እኔ ቱርክ በምግብ ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪ የመማር ዕድል አገኘሁ። አልሄድም አልኩት። «ፈቃዱ የሚመጣው በራሱ ጊዜ ነው፤ ትምህርቱ ግን አይጠብቅሽም» ብሎ ሻንጣዬን ራሱ አዘጋጀ። እኔ ወዳለሁበት ልጋብዘው ብሞክር ቪዛ አላገኘም። እኔ ወደ እሱ አገር መሄድ አልችልም። አብረን ልንኖርባት የምንችለው ብቸኛ መሬት አዲስ አበባ ናት፤ እሷም የምትሆንልን ያ ፈቃድ ከወጣ ነው።

ታዲያ ቀጠሮ ደረሰና ወረዳ ቀርበን ባልና ሚስት መሆናችንን ሦስት ጎረቤቶች እንዲመሰክሩልን ተባልን። ከመምህሬ አንድ ሳምንት ለምኜ መጣሁ። ቀጠሮው ሰኞ ነበር፣ የመመለሻ በረራዬ ማክሰኞ ማታ። ሰኞ ካለፈን ሌላ ቀጠሮ መቼ እንደምናገኝ፣ እኔስ መቼ ተመልሼ መምጣት እንደምችል አናውቅም።

ችግሩ ጎረቤቶቻችን እኔን አያውቁኝም። ወደዚያ ግቢ የገባነው እኔ ልሄድ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩኝ ነው። በዚያ ላይ ሰው እፈራለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነኝ። ግቢው ውስጥ ያለችው አንዲት ቧንቧ ናት፤ እኔ ውሃ የምቀዳው ሰው አለመኖሩን በበሩ ቀዳዳ አይቼ ነበር። ሰላምታ ሲሰጡኝ ድምፄ አይወጣም። እነሱ ደግሞ ኩራት አድርገው ያዩታል።

በመጣሁ ማግስት ዓርብ ጠዋት በሩ ሥር ጀሪካን ይዤ ቆሜ ሳለ ሁለት ጎረቤቶቻችን ቧንቧው ጋ ሲያወሩ ሰማኋቸው። አንደኛዋ እትዬ ብርቄ ናቸው፤ በርበሬ በረንዳ የሚነግዱ፣ ድምፃቸው ከግቢ ውጪ የሚሰማ ሴት። ሌላው ጋሽ ዘርጋ ናቸው፤ ክርና ቁልፍ የሚሸጡ ሽማግሌ፣ ሱቃቸው ከናቢል መሥሪያ ጎን ነው።

«ተማሪዋ መጣች አሉ» አሉ እትዬ ብርቄ።

«የቷ ተማሪ?»

«የአረቡ ሚስት ናታ።»

«ሚስቱ ናት እንዴ? እኔስ የወረቀት መስላኝ ነበር» አሉ ጋሽ ዘርጋ። «ሚስት እንዲህ ትሆናለች? ዓመት ሙሉ ወሬዋን እንጂ ጥላዋን አላየሁም።»

ጀሪካኑን አስቀምጬ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ናቢል የዚያኑ ዕለት ማታ ሦስቱን ምስክሮች እንዳነጋገረ በደስታ ነገረኝ። ጋሽ ዘርጋ፣ እትዬ ብርቄ እና አከራያችን ሐጂ ሸምሱ። እኔ የሰማሁትን አልነገርኩትም። ደስታውን ምን ላድርገው?

ቅዳሜ ቡታጅራ ካለ የልብስ ስፌት ቤት ተደወለለት። የተማሪዎች ዩኒፎርም በጥድፊያ የሚሰፋበት ቤት ነው፤ መኪኖቹ ቆመዋል። «እሁድ ከሰዓት እቤት ነኝ» ብሎኝ የመፍቻ ቦርሳውን ይዞ ሄደ።

እሁድ መርካቶ ሰው የሚያውቃት መርካቶ አይደለችም። የሱቆቹ ብረት በሮች ሁሉ ወርደው፣ ጋሪዎቹ አፍንጫቸውን መሬት ላይ ደፍተው፣ አንድ ወረቀት ከዳር እስከ ዳር ነፋስ ሲነዳው ይሰማል። እየደጋገምኩ በግቢው በር ብቅ አልኩ። ሩዝ ሠርቼ ነበር፤ እንዳይቀዘቅዝ በፎጣ ጠቀለልኩት። ቆይቼ ፈትቼ አየሁት። እንደገና ጠቀለልኩት።

በሰው አገር ብቸኝነት የለመድኩት ነገር ነው። እዚያ ብቻዬን መሆኔ ያለ ነው፤ የሚያልፈኝ ሰው ቋንቋዬን አያውቅ፣ እኔም የእሱን በወጉ አልችል። የራስ አገር ላይ፣ የራስ ቤት ውስጥ፣ በገዛ ቋንቋዬ የሚስቁ ሰዎችን ድምፅ በግድግዳ በኩል እየሰሙ ብቻን መሆን ግን ሌላ ነው። ያን ዕለት ብጮህ የሚሰሙኝ ሰዎች ነበሩ፤ መጮህ ግን አልችልም ነበር።

ሊመሽ ሲል ተነስቼ እስከ ሐጂ ሸምሱ በር ሄድኩ። ውስጥ ቴሌቪዥን ተከፍቷል፣ ልጆች ይንጫጫሉ። እጄን አነሳሁ። ምን ልል ነው? ባሌ አልመጣም? ነገ ባልና ሚስት ናቸው ብለው ሊመሰክሩልን ነው፤ እኔ ደግሞ ዛሬ ባሌ የት እንዳለ አላውቅም ልላቸው። የወረቀት ናት ያሉኝ ሰዎች ከዚህ በኋላ ምን ይላሉ? እጄን አወረድኩና ወደ ክፍሌ ተመለስኩ።

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስለዚያ ሌላ የምለው የለኝም።

በሩ ሲንኳኳ ገና አሥራ ሁለት ሰዓት አልሞላም። ናቢል ነው ብዬ በባዶ እግሬ ዘልዬ ከፈትኩ።

ሐጂ ሸምሱ ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ከዘራቸውን ይዘው ቆመዋል። ከኋላቸው እትዬ ብርቄ ነጠላ ለብሰው። ከእሳቸው ኋላ ጋሽ ዘርጋ፣ ኮታቸው ላይ ጋቢ ደርበው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው።

በእኛ አገር ሽማግሌዎች ጋቢ ለብሰው፣ ሴት አስከትለው፣ ሳይነጋ በር ካንኳኩ ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ ማስረዳት አይኖርብኝም። እኔ ደግሞ ነገሩን አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ እናቴ ያረፈች ጊዜ የኮምቦልቻ ጎረቤቶቻችን ያለሁበት ድረስ ልክ በዚህ ሰዓት፣ ልክ በዚህ አለባበስ ነበር የመጡብኝ። ያኔም ከመካከላቸው አንዲት ጠንካራ ሴት ነበረች፤ ስወድቅ እንድትይዘኝ ተብላ የመጣች።

«እንደምን አደርሽ ልጄ» አሉ ሐጂ። «እንግባ?»

ከበሩ ፈቀቅ አልኩ። ገቡ። ቤታችን ውስጥ ሁለት ወንበር ነው ያለው፤ ወንዶቹ ተቀመጡበት። እትዬ ብርቄ አልጋው ላይ ከጎኔ መጥተው ተቀመጡ፤ ትከሻቸው ትከሻዬን ነካው። ዓመት ሙሉ ሰላምታ እንኳ በወጉ ያልተለዋወጥን ሴትዮ ናቸው። ለምን ተጠጉኝ?

ጋሽ ዘርጋ መሬት መሬቱን ያያሉ። ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ማታውኑ ልንነግርሽ ነበር» አሉ። «ግን ሴት ልጅ ብቻዋን ያለችበትን ቤት በጨለማ ማንኳኳት ደግ አይደለም። ይንጋና አብረን እንሂድ ተባባልን።»

የሐጂን አፍ አፍ አየሁ።

«ማታ ከኢሻ ሶላት በኋላ ስልክ ተደወለልኝ። የማላውቀው ሰው ስልክ ነው። ከቡታጅራ መንገድ።» ትንፋሽ ወሰዱ። ሐጂ ሲናገሩ ረጋ ይላሉ፤ ልማዳቸው ነው። «ናቢል የተሳፈረበት ሚኒባስ መንገድ ላይ…»

የቀረውን አልሰማሁም።

እንዴት እንደጮህኩ አላውቅም። ድምፁ ከእኔ ይውጣ ከሌላ ሰው ለጊዜው አልለየሁም። መሬት ላይ ነበርኩ። ያኔ ያልኩትን በኋላ ሰዎች ነገሩኝ እንጂ እኔ አላስታውሰውም። ወይኔ ጌታዬ፣ ዘመድ በሌለህ አገር ማን ይቀብርህ፣ እናትህን በየትኛው ቋንቋ ልንገራት፣ እያልኩ ነበር አሉ። የናቢል እናት ሰንዓ ናቸው። በስልክ ስንገናኝ እሳቸው በዐረብኛ ይመርቁኛል፣ እኔ በአማርኛ አሜን እላለሁ። ሌላ ቋንቋ የለንም።

«ተይ ልጄ፣ እንዲህ ማልቀስ ሐራም ነው፣ ተይ» ይላሉ ሐጂ፣ ከዘራቸው ወድቆባቸው።

የእኛ ግቢ ለቅሶ ሲሰማ ማን ነው፣ ምን ሆኖ ነው ብሎ አይጠይቅም፤ መጀመሪያ ይሮጣል። ሴቶቹ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ወጡ። ቧንቧው ክፍት ቀርቶ ውሃ ግቢውን አጥለቀለቀው። «አረቡ ሞተ» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ አንዲት ሴት «ምስኪን፣ የእኔን መኪና እኮ በነጻ ነው የሠራልኝ» ብላ ደረቷን መታች። በኋላ ስነሳ እንዳየሁት፣ በዚያች ቅጽበት ውስጥ ሁለት አግዳሚ ወንበር ግቢው መሐል ተዘርግቶ ነበር።

እትዬ ብርቄ ሁለት ትከሻዬን ይዘው ነቀነቁኝ። ዛሬም ድረስ ያ እጃቸው ይሰማኛል።

«ስሚኝ። ደህና ነው። ባልሽ ደህና ነው። ሚኒባሱ ተበላሸ ነው ያሉሽ። ተበላሸ። ራሱ ነው የደወለው፣ በገዛ አፉ።»

«ራሱ ነው የደወለው» አሉ ሐጂም። «በሹፌሩ ስልክ። የእሱ ባትሪ አልቋል። ያንቺን አዲስ ቁጥር በቃሉ አልያዘውም፤ የእኔን ግን ያውቀዋል። ‘መንገድ ላይ ልናድር ነው፤ በሌሊት መኪና ፈልጌ በቀጠሮው ሰዓት ወረዳ እደርሳለሁ፤ ለሀያት ንገሩልኝ’ ነው ያለኝ። ይህንኑ ልነግርሽ መጣሁ።»

አዲሱን ሲም ካርድ የገዛሁት ዓርብ ዕለት ነበር። እኔም ራሴ ቁጥሬን በቃሌ አላውቀውም ነበር።

እትዬ ብርቄ ወደ ሐጂ ዞሩ። «እርስዎ ደግሞ ሐጂ፣ በ‘ሚኒባሱ’ ይጀመራል? መጀመሪያ ‘ደህና ነው’ ይባላል፤ ከዚያ ነው ሚኒባሱ።»

«ሥርዓቱን ጠብቄ ልናገር ብዬ ነው።»

«ሥርዓቱን አበዙታ። በሌሊት አይንኳኳም፣ ለብቻ አይገባም፣ ሴት ይዞ ይኬዳል፤ ይኸው መርዶ አስመሰሉት። እኔንም ከጎኗ አስቀምጠው።»

«አንቺን ማን ከጎኗ አስቀመጠሽ?»

«ታዲያ ወንበር አለ? ወንበሩን እናንተ ያዛችሁት።»

ውጪ ያሉት ሴቶች ነገሩን ሲሰሙ አንዳንዶቹ ሳቁ፣ አንዳንዶቹ ተናደዱ። አንደኛዋ «እንግዲህ ነጠላችንን እንገልብጥ» ስትል ሰማሁ። ቧንቧውን የዘጋ ሰው አልነበረም።

እኔ መሬት ላይ እንደተቀመጥኩ ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ። መሞት የፈለግኩት ያኔ ነው፤ በኀፍረት። ዕድሜዬን ሙሉ ድምፄ እንዳይሰማ ስጠነቀቅ ኖሬ፣ አገር ሰብስቤ በቁሙ ላለ ሰው አለቀስኩ።

ጋሽ ዘርጋ ከወንበራቸው ተነስተዋል። ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያዞሩ ቆመዋል። ከዚያ ቀስ ብለው ወንበራቸውን ወደ እኔ ገፉና «ተነሽ፣ እዚህ ተቀመጪ» አሉኝ። «እኔ ዛሬ የመጣሁት ለሌላ ነበር። ቀረ።»

ለምን እንደመጡ የሰማሁት ወደ ወረዳው ስንሄድ ነው። መርካቶ ነቅታለች፤ ተሸካሚዎች ጭነት ደርድረው «ወገብ፣ ወገብ» እያሉ መንገድ እያስለቀቁ ይሮጣሉ፣ ጋሪ ይገፋል፣ ሰዉ ይጋፋል። እትዬ ብርቄ ክንዴን ይዘውኝ ነበር። ሐጂ ከፊት ይሄዳሉ። ጋሽ ዘርጋ ከጎኔ ሆነው፣ ወደ ፊት እያዩ ተናገሩ።

«እውነቱን ልንገርሽ ልጄ፤ ዛሬ ጠዋት ምስክርነቱ ይቅርብኝ ልልሽ ነበር የመጣሁት። እሱን እወደዋለሁ። ግን ያላየሁትን አየሁ ብዬ መማል አልወድም። አንቺን አላየሁሽማ።»

«እውነትዎን ነው» አልኩ። ከድምፄ የቀረችኝ ያቺ ብቻ ነበረች።

ትንሽ ሄደን እንደገና ዞር አሉ። «ስምሽ ሀያት ነው አይደል? ሐጂ ሲሉ ሰማሁ።»

«አዎ።»

«የአባትሽስ?»

እትዬ ብርቄ መንገድ ላይ ቆመው ሳቁ። «የምስክር ያለህ። በስተርጅና ስም የሚያጠና ምስክር አየን።»

«ቢጠይቁኝስ?» አሉ ጋሽ ዘርጋ፣ ሳይስቁ። የአባቴን ስም ነገርኳቸው፤ እስከ ወረዳው በር በለሆሳስ ሲደጋግሙት ሰማኋቸው።

ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ፤ ናቢል የለም። ወረፋው ይሄዳል። ከእኛ ፊት የነበሩት ሰዎች ገብተው ወጡ። የእኛ ተራ ሲደርስ ለሚቀጥለው ለቀቅን። ደግሞ ለሚቀጥለው። ሐጂ መቁጠሪያቸውን ያሽከረክራሉ። እኔ በሩን አያለሁ። ያለ እሱ ብንገባ ዋጋ የለውም፤ ሁለታችንም መቅረብ አለብን ተብለናል።

በመጨረሻ በበሩ ሲገባ አየሁት። ጥቅል ጎመን የጫነ አይሱዙ ላይ ተሳፍሮ ነው የመጣው፤ ጸጉሩ አቧራ፣ እጁ የሞተር ዘይት፣ ጃኬቱ ላይ የጎመን ቅጠል ተለጥፏል። እየሮጠ መጥቶ ፊታችን ቆመ። የእኔን ያበጠ ዓይን አየ፤ የሐጂን ጋቢ አየ፤ የእትዬ ብርቄን ፊት አየ። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ማን ሞተ?» አለ።

«አንተ» አሉ ጋሽ ዘርጋ።

ናቢል አማርኛ ጥሩ ይሰማል። ያን ጊዜ ግን በትክክል የሰማ አልመሰለውም። እትዬ ብርቄ «እንኳን ተመለስክልን፤ በኋላ ይነገርሃል» ብለው የጎመኑን ቅጠል ከጃኬቱ ላይ ነቀሉለት። እኔ ሰው ፊት እጁን ይዤው አላውቅም። ያዝኩት። ዘይቱ መዳፌ ላይ ቀረ።

ወደ ውስጥ ገባን። የተቀበለችን ሠራተኛ በዕድሜ የእኔ እኩያ የምትሆን፣ ትሑት ልጅ ናት። ሐጂን ጠየቀች፤ አከራያችን እንደሆኑ፣ አብረን ገብተን እንደተከራየን ተናገሩ። እትዬ ብርቄን ጠየቀች፤ ከምትጠይቃቸው በላይ ተናገሩ። ከዚያ ወደ ጋሽ ዘርጋ ዞረች።

«ባልና ሚስት መሆናቸውን በምን ያውቃሉ አባቴ?»

«ስትጮህ ሰምቻለሁ።»

ልጅቷ ቀና አለች። «ይጣላሉ እንዴ?»

«አይ። ሞተ ብላ ነው።»

«ማን ሞተ?»

«እሱ።» በባርኔጣቸው ወደ ናቢል አመለከቱ። «አልሞተም። ይኸው ነው። እሷ ግን ሞተ መስሏት ነበር።»

ልጅቷ ናቢልን አየች፣ እኔን አየች። እኔ መሬቱን አየሁ።

ጋሽ ዘርጋ ቀጠሉ። «ልጄ፣ ዋሽቼ አብረው ሲኖሩ ለረጅም ጊዜ አይቻለሁ አልልሽም። ትማራለች፤ ሰው አገር ናት። እሱን ዓመት ሙሉ ብቻውን ሲበላ፣ ብቻውን ሲገባ አይቼዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ እሷን አየሁ። እኔ ለቅሶ ስደርስ ነው ያረጀሁት፤ ለይሉኝታ የሚለቀሰውንና የአንጀቱን እለያለሁ። ሞተ ብላ መሬት ላይ ወድቃ፣ ለእናቱ በምን ቋንቋ ልንገራት ነው ያለችው። የወረቀት ሚስት ስለ አማቷ ቋንቋ አትጨነቅም። ሌላ የማውቀው የለም። እሱን ጻፊልኝ።»

ልጅቷ ዝቅ ብላ ጻፈች። ምን ብላ እንደጻፈችው አላየሁም። ናቢል ወደ እኔ ዞሮ ሲያየኝ ይሰማኝ ነበር፤ እኔ ግን ቀና ብል እንደገና አለቅሳለሁ ብዬ ፈራሁ።

ፈቃዱ እስካሁን አልወጣም። በሂደት ላይ ነው ይሉናል። ናቢል ማታ ማታ ይደውላል። ጋሽ ዘርጋ ሱቃቸውን ሲከፍቱ «ያቺ አልቃሻህ መቼ ትመጣለች?» እያሉ ይጠይቁታል አለኝ። ሐጂ ሸምሱ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ወሬ ሲጀምሩ «ሁሉም ደህና ነው» ብለው ነው የሚጀምሩት፤ የቤት ኪራይ ሲጠይቁ እንኳ። ናቢል ቁጥሬን አሁን በቃሉ ያውቀዋል፤ እኔም የሦስቱንም ጎረቤቶች ይዣለሁ።

ያ ኀፍረት ለቆኛል አልልም። አሁንም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቁጭ ብዬ በድንገት ትዝ ሲለኝ ፊቴ ይግላል። ብቸኝነቱም አለ፤ እዚህ አገር በረዶው ሲወርድ ሁሉም በየክፍሉ ይገባል፣ የኮሪደሩ መብራት ራሱ ሰው ካላየ ይጠፋል። ግን አንድ ነገር አውቃለሁ። እዚህ ብጮህ ፖሊስ ይጠራልኝ ይሆናል። እዚያ ብጮህ ቧንቧው ክፍት ይቀራል። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ብቻዬን መሆኔ እንደ በፊቱ አያስፈራኝም።

ያኔ በሄድኩበት ዕለት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሻንጣዬን ሳልዘጋ፣ ናቢል ገና ተኝቶ ሳለ፣ ጀሪካኔን አነሳሁ። በበሩ ቀዳዳ አላየሁም። ከፍቼ ወጣሁ።

ግቢው ጸሐይ ወጥቶበታል። እትዬ ብርቄ ሸራ ዘርግተው ዛላ በርበሬ ይቀነጥሳሉ፤ ሁለት ሴቶች አብረዋቸው ተቀምጠዋል፤ ከትናንቱ ሰዎች መሆናቸውን በድምፃቸው ለየሁ። ወሬያቸውን አቆሙ። ድምፄን አውጥቼ «እንደምን አደራችሁ» አልኩ።

«ይመስገን» አሉ እትዬ ብርቄ። ከዚያ ሌላ ምንም ሳይሉ ባዶ የነበረችውን በርጩማ በእግራቸው ወደ እኔ ገፋ አደረጓት።

ጀሪካኑን ቧንቧው ሥር አስቀምጬ ተቀመጥኩ። ከክምሩ አንድ ዛላ አነሳሁና ጭራውን ቀነጠስኩ።